ባሩዱ ክፍት ሳለ

«አትንካ!» አሉኝ ጋሼ መኩሪያ፣ ጣቴ ሚዛኑ ላይ ልትደርስ ስንዝር ሲቀራት። «ለሷ ትንፋሽህ ራሱ ይከብዳታል። ሂድ፣ ማሞቂያዋ ጋ ቁጭ በል።»

ቁጭ አልኩ። ያኔ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው። የምንኖረው ባልድዊን ሂልስ፣ ከአንድ ቤት ጀርባ ባለች ሁለት ክፍል ውስጥ ነበር፤ የግቢውን ጋራዥ ደግሞ ጋሼ ተከራይተውታል። እናቴ ቅዳሜ ቅዳሜ ፌርፋክስ ሬስቶራንት ስለምትሠራ እኔን እሳቸው ላይ ጥላኝ ትሄዳለች። ጋሼ ሳምንቱን ሙሉ ፓርኪንግ ይሠራሉ፣ ቅዳሜ ጥይት ይሠራሉ። የአደን ጥይት እዚህ አገር ሱቅ ሞልቶታል፤ እሳቸው ግን የተተኮሰውን ቀለህ አጥበው፣ ባሩዱን መዝነው፣ አረሩን ራሳቸው መርጠው ካልገጠሙ ያንን ትልቅ ማግነም ጠመንጃቸውን አያጎርሱትም። ሲተኩሱ አይቼ አላውቅም። ከአደን በተመለሱ ቁጥር ግን ጠመንጃው ሲረግጣቸው ትከሻቸው ላይ የሚቀረውን ሰማያዊ በለዝ አይቻለሁ።

ጋራዡ ውስጥ ምድጃ የለም፣ ፍም የለም። ያለችን አንዲት የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ናት፤ ቀይ ሽቦዋ ሲግል አቧራው ይቃጠልና ይሸታል፣ በዚያ ላይ የጠመንጃ ዘይቱና ከቀለሁ ውስጥ የሚወጣው የከረመ ጭስ ሽታ ይጨመርበታል። እኔ ተረት ሲባል እስከ ዛሬ የሚሸተኝ እሱ ነው። ጋሼ በወጣትነታቸው ባሌ ተራራ ላይ ከውጭ ለሚመጡ አዳኞች ዱካ እያነበቡ ደጋ አጋዘን ሲያሳድዱ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ስለ ጅብና ስለ ጥንቸል አያውቁም። የሳቸው ተረት ነፋሱ ከየት እንደነፈሰ፣ ማን ቸኩሎ እንደሳተ፣ ማን እንቅልፍ እንደጣለው ነው። ቀለሁን ሲያጥቡ ያወራሉ፣ ሲወለውሉ ያወራሉ። የባሩዱ ጣሳ ሲከፈት ግን ጸጥ። ሕግ ነበር። ሃያውን ቀለህ እንጨቱ ላይ ደርድረው፣ ባሩዱን እየመዘኑ ሞልተው፣ በባትሪ እያንዳንዱን ውስጡን አይተው፣ አረሩን ገጥመው ጣሳውን እስኪከድኑ ድረስ እኔ ማስነጠስ እንኳ እፈራ ነበር።

አረሩ ሁለት ሳጥን ነው። ሰማያዊ ፕላስተር የተለጠፈበት ቀላሉ ነው፣ ግሬን በሚሉት መለኪያ መቶ ሰማንያ የሚመዝን፣ ለአጋዘን። ቀይ የተለጠፈበት ከባዱ፣ ሁለት መቶ ሃያ፣ ኤልክ ለሚሉት ፈረስ ለሚያህል አጋዘን። ከባዱ አረር ትንሽ ባሩድ ነው የሚፈልገው። ለቀላሉ የተመዘነውን ባሩድ ከከባዱ ሥር ብታደርገው አረሩ ቶሎ አልሄድ ይላል፣ እሳቱ መውጫ ያጣል፣ ወደ ኋላ ይመጣል። «ወደ ኋላ ማለት ወደ እኔ ነው» ይሉና ጠመንጃው የሚያርፍበትን ጉንጫቸውን መታ መታ ያደርጉታል።

ያቺ ቅዳሜ የመጨረሻችን ነበረች። እናቴ ካልቨር ሲቲ አፓርትመንት አግኝታ ሰኞ ልንገባ ነው። ጋሼ ደግሞ ከሰዓት ከጓደኛቸው ጋር ለአጋዘን አደን ወደ ዩታ ተራራ ድራይቭ ሊያደርጉ ነው፤ ባሩዱን ለቀላሉ አረር መዝነው ጨርሰዋል። እኔ አኩርፌያለሁ።

«አንድ ብቻ አውራኝ» አልኳቸው። በአፌ አንተ ነበር የምላቸው፣ እዚህ ያደገ ልጅ አንቱ አይመጣለትም፤ አሁን ስጽፍ ነው እጄ እምቢ ያለኝ።

«ባሩዱ ክፍት ነው፣ አታየውም?»

«ኦኬ። ሶ፣ የሚቀጥለው ቅዳሜ ታወራኛለህ» አልኩ፣ የሚቀጥለው ቅዳሜ እንደሌለን እያወቅኩ።

ሳቁ። «አንተ ልጅ፣ ጠበቃ ነው የምትሆነው ወይ ሌባ» አሉና ሕጋቸውን ለእኔ ሲሉ አፈረሱት።

አንድ ፈረንጅ ነበር አሉ። ቀላል አረር ይዞ የመጣ፣ በጣም ይፈጥናል እያለ የሚኩራራ። «ከፈጠነ ሩጫ ይወዳደር አልኩት። አማርኛ አይሰማ፣ ራሱን ነቀነቀልኝ!» ከዚያ ትልቁን ወንድ አጋዘን ገደሉ አፋፍ ላይ አገኙት፣ ፈረንጁ ተኮሰ፣ ትከሻውን መታው። «መታው፤ ግን አረሩ አጥንቱ ላይ ተበተነ፣ እንደ ብስኩት! ከባድ ቢሆን ኖሮ፣ እንዲህ ያለ ቢሆን፣ እየው…» እጃቸው ወደ ቀዩ ሳጥን ሄደች። አንዱን አውጥተው መዳፌ ላይ አስቀመጡልኝ። ከቁመቱ የማይጠበቅ ክብደት ነበረው። መልሰው ወሰዱት፣ ቀለሁ አፍ ላይ አስቀመጡት፣ አረሩን ወደ ቀለሁ የሚገፋውን የመጫኛ መሣሪያ እጀታ ወደ ታች ሳቡ። አጋዘኑ አስታ የሚሉት ቁጥቋጦ ውስጥ ገብቷል፣ እሳቸው በእጅና በጉልበታቸው ደሙን እየተከተሉ ነው። ሁለተኛውን አረር አነሱ። ከዚያው ከቀዩ።

አየሁ። ይህችን ቦታ ለራሴ ብዙ ጊዜ አለሳልሼ አውርቻታለሁ፤ ልጅ ነበርኩ፣ ትልቅ ሰው ሲናገር አይቋረጥም ተብዬ ነው ያደግኩት እያልኩ። ውሸት አይደለም። ነገር ግን ጋሼ ያኔ አስታው ውስጥ ናቸው፣ ደሙ ገና እርጥብ ነው፣ ፊት ለፊታቸው ቅርንጫፍ ሲሰበር ሰምተዋል፣ እኔ ደግሞ መጨረሻውን ማወቅ ፈልጌያለሁ። ብናገር ወሬው ይቆማል፣ የገጠሙትን ሁሉ መፍታት ይጀምራሉ፣ ጓደኛቸው ይመጣል፣ ተረቴ ይቀራል። ሲያልቅ እነግራቸዋለሁ አልኩ። ሦስተኛ። አራተኛ።

«ከዚያስ?» አልኩ።

«ከዚያማ ሳናገኘው ቀረን» አሉ። «ሁለት ቀን ፈለግነው። የት እንደወደቀ እስከ ዛሬ አላውቅም።» ለአምስተኛው እጃቸው በልማዷ ወደ ሰማያዊው ተመለሰች።

ሃያውም ተገጥመው ሲደረደሩ አንድ ዓይነት ነበሩ። የትኞቹ አራቱ እንደሆኑ እኔም ጠፍቶብኝ አፍጥጬ ሳያቸው ጓደኛቸው በር ላይ የመኪናውን ጡሩምባ ነፋ፤ ጋሼ ጥይቱን ካርቶን ውስጥ ከተው፣ ራሴን ዳበስ አድርገው ወጡ። ሮጥኩ። የመኪናውን መስኮት ያዝኩ።

«ጋሼ!»

«ምነው?»

ጓደኛቸው ሰዓቱን ያያል፤ ሞተሩ ተነስቷል። ከሃያው አራቱ ብቻ ናቸው፣ ምናልባት አይደርሷቸውም አልኩ በሆዴ። «በሰላም ግባ» አልኳቸው።

ማታ እናቴ ዕቃ ስትጠቀልል የጋሼ ጥይት ልክ እንዳልሆነ፣ ሊፈነዳባቸው እንደሚችል ነገርኳት። መዳፏን አፌ ላይ ለጠፈችው። «በመንገደኛ ላይ ታሟርታለህ? በኢየሱስ ስም!» አለችና ሳህኑን በጋዜጣ እየጠቀለለች ጮክ ብላ ጸለየችላቸው። ደውዪላቸው ብዬ አለቀስኩ። ደወለች። ያ ተራራ ስልክ አይቀበልም። እሑድም ደወለች፣ ሰኞም ደወለች፤ እኔ በአዲሱ አፓርትመንት ባዶ ወለል ላይ ተቀምጬ ስልኳን አያለሁ።

ረቡዕ ጓደኛቸው ደወለ። ጋሼ ሲተኩሱ እሳቱ በጠመንጃው መቀርቀሪያ በኩል ወደ ኋላ ወጥቶ ቀኝ ዓይናቸውን አጥፍቷቸዋል። የቀሩትን ጥይቶች ሰውየው ፈርቶ እዚያው ሬንጀር ለሚሏቸው የጫካ ጠባቂዎች አስረክቦ ነው የመጣው፤ ስለዚህ መዝኖ የሚያይ፣ ፈትቶ የሚያረጋግጥ ሰው አልነበረም። እናቴ ስልኩን ዘግታ አየችኝ። ያን ማታ የነገርኳትን እስከ ዛሬ አንስታው አታውቅም።

ከዚያ በኋላ እሑድ እሑድ ከቸርች ስንወጣ ወደ ጋሼ መሄድ ጀመርን፤ እናቴ ወጥ ይዛላቸው ትሄዳለች፣ ወጡን አሙቃ፣ ቤቱን ጠራርጋ ስትወጣ እኔ አብሬያቸው እቀመጣለሁ። ባሌ ቀረ። ፈረንጆቹ ቀሩ። አንድ ተረት ብቻ ነው የቀራቸው፣ እሱም የዚያች ቅዳሜ ነው። «ቀለሁን አጠብኩ» ብለው ይጀምራሉ፣ ድሮ ነፋሱን እንደሚያወሩት በዝግታ። «ለካሁት። ባሩዱን መዘንኩ፣ ሁለት ሁለት ጊዜ። በባትሪ አየሁት። አይቻለሁ አይደል? አንተ እዚያው ነበርክ።» ነበርኩ እላለሁ። «አረሩን ገጠምኩ። ጣሳውን ከደንኩ። ታዲያ የቱ ጋ ነው?» እዚያች ‹ገጠምኩ› ላይ ሲደርሱ ትንፋሼን እይዛለሁ፣ አሁን ያገኙታል፣ አሁን ራሳቸው ይደርሱበታል እያልኩ። አልፈዋት ይሄዳሉ። በሚቀጥለው እሑድ እንደገና ከቀለሁ ይጀምራሉ።

ዓመታት ሄዱ። እኔ አሥራ አንደኛ ክፍል ላይ ትምህርቱን ተውኩት፤ ክሬንሾው ሰፈር መኪና አጠብኩ፣ ቫሌ ሆኜ የእንግዳ መኪና አቆምኩ፣ አንድ ሥራ ላይ ስድስት ወር የምቆይ ሰው አልሆንኩም። እሑድ ግን እዚያች ወንበር ላይ ነኝ። ጋሼ ሚዛኑን ለሰው ሰጡ። መኪና መንዳት ተዉ። ምድጃ አጥፍተው ሦስት ጊዜ ተመልሰው ያያሉ። «ዓይኑስ አንዱ ይበቃኛል፤ እጄ ነው ያስፈራኝ» አሉኝ አንድ ቀን። «የት እንደሳተች አላውቅማ። ነገ የት እንደምትስት በምን አውቃለሁ?» መልሱ አፌ ውስጥ ነበር። በቆየ ቁጥር ደግሞ ከመጀመሪያው ጥፋት ይልቅ መቆየቱ ራሱ እየከበደኝ ሄደ፤ ዛሬ ብነግራቸው ትናንት ለምን አልነገርኩም ለሚለው ምን እላለሁ እያልኩ ሌላ እሑድ እጨምርበታለሁ።

አንድ እሑድ ስገባ ጠረጴዛው ላይ የሳምንት መድኃኒታቸውን ዘርግተው ጠበቁኝ። የቀኖቹ ስም የተጻፈበትን ሳጥን ወደ እኔ ገፋ አደረጉት።

«ና ቁጠርልኝ። ለሰኞ ሁለት ናት?»

«ሁለት ናት ጋሼ። አንተው እኮ ነህ የከተትካት፣ ልክ ነው።»

«አይ፣ አንተ ቁጠር። እኔ አልታመንም።»

አንዷን ክኒን አነሳሁ፣ መልሼ አስቀመጥኳት።

«ከቀዩ ሳጥን ነው የወሰድከው» አልኩ።

«ምኑን?»

«አረሩን፣ ያን ጊዜ። ባሩዱ የሰማያዊው ነበር። ከባዱን ልታሳየኝ አወጣህ፣ ከዚያ እዚያው ቀጠልክበት። አራት። አይቻለሁ።»

የጋሼ ቀኝ እጅ በጠረጴዛው ባዶ ጥግ ላይ ወደ አንድ ቦታ ሄደች፣ ተመለሰች፣ ወደ ሌላው ሄደች፤ ከንፈራቸው ያለ ድምፅ ይቆጥራል። ቢመቱኝ ደስ ይለኝ ነበር። ከዚያ እጃቸው ቆመችና በደህናው ዓይናቸው ቀና ብለው አዩኝ።

«እና ይሄን ሁሉ እሑድ፣ ቁጭ ብለህ ትሰማኝ ነበር?» አሉኝ።