ታንጉትን ያስቆምኩበት ቀን

ባለፈው ሳምንት ደብረ ማርቆስ አዳራሽ ውስጥ አንዲት ልጅ ግጥሟን በቃሏ አቅርባ ስትጨርስ ሕዝቡ «ይደገም!» ብሎ ጮኸ። ደገመችው፤ ጭብጨባው ቀለጠ። የእኔ እጅ ግን አልነሳ አለኝ። የዛሬ ሃያ ዓመት እዚያው አዳራሽ የሠራሁት ሥራ ትዝ አለኛ!

ያኔ ሦስት ዓመት ቅኔ ቤት ቆይቼ ዘመናዊ ትምህርት የገባሁ፣ ከእኔ በላይ ላሳር የምል ጎረምሳ ነበርኩ። ኅዳር ነው፤ ጤፍ ይታጨዳል፣ ከተማው ድረስ ጭድ ጭድ ይሸታል። ለሥነ ጽሑፍ በዓሉ ከየወረዳው ገጣሚዎች መጥተዋል። ከሮብ ገበያ ከተማ የመጣችው ታንጉት የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ናት።

አባቷ ቄስ አላምረው አጠገቤ ተቀምጠው የገብስ ቆሎ እየዘገኑ ይሰጡኛል። ቅኔ ቤት መዋሌን ሲሰሙ ልባቸውን ከፈቱልኝ።

«ለጥር እንድድራት ሽማግሌ መጥቶብኛል» አሉ። «እሷ ልማር ትላለች። እስቲ ልስማት ብዬ መጣሁ። ዕውቀት ከሆነ እምቢ እላቸዋለሁ፤ ቧልት ከሆነ ግን ትዳሯን ትያዝ።»

ታንጉት ያለ ወረቀት ወጣች። ግጥሙ እናቷን ስለወሰደው የክረምት ጎርፍ ነበር። ቄሱ ቆሎ መቆርጠማቸውን ተዉ። «ይበል» ሲሉ ሰማኋቸው፤ ከቅኔ ሰው አፍ ከዚህ የሚበልጥ ምስጋና አይወጣም።

ቀናሁ። የእኔን ግጥም አዘጋጆቹ አይሆንም ብለው መልሰውብኛል። የእሷን ደግሞ መስከረም ላይ ደምበጫ ስታቀርበው ሰምቼ እስከ መጨረሻው በቃሌ ይዤዋለሁ። ቅኔ ለዕለቱ ይዘረፋል እንጂ አንዴ የተባለ አይደገምም፤ የደገመ ይዋረዳል። የእሷ ግን ግጥም እንጂ ቅኔ እንዳልነበረ አሳምሬ አውቃለሁ። ቢሆንም ግጥሙን ሳትጨርስ ብድግ አልኩ።

«ይሄንን ደምበጫ ላይ ሰምተነዋል! ሌላ የለሽም?»

ከአዳራሹ ግማሹ የቅኔ ቤት ሰው ነውና ሳቁ ጣሪያ ነካ። ታንጉት በዓይኗ አባቷን ፈለገች።

«አባቴ፣ የራሴ ነው እኮ» አለች።

«ውረጂ! አታዋርጂኝ» አሏት ጭራቸውን እያነሱ። ወደ እኔ ዞረው ትከሻዬን ዳበሱኝ። «ተባረክ ልጄ። ልታለል ነበር።»

ምርቃቱን አሜን ብዬ ተቀበልኩ። በጥር ተዳረች።

አምና ይጁቤ ገበያ ምስር ስትሸጥ አገኘኋት። አላወቀችኝም። ይቅርታ ልላት ተጠግቼ «ሮብ ገበያ ሳለሽ ግጥም ትዪ አልነበር?» ብቻ አልኳት።

«እኔ? ኧረ የት አውቄ» አለችና ጣሳዋን አነሳች። «ምስሩን ልስፈርልዎት?»

አሰፍሬ ሄድኩ። ደንብ አስከበርኩ እያልኩ ስንት ዓመት ራሴን አሞኝቻለሁ። ዛሬ ያን ግጥም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በቃሉ የሚያውቅ፣ እንድትጨርሰው ያልፈቀደላት ሰው ብቻ ነው።