የግራር ፍሬ ጉትቻ

ባለፈው ሳምንት የልጄ ልጅ ሐያት ከአዲስ አበባ ስትመጣ አንገቷ ላይ ቅጠል የመሰለ ሐብል አድርጋ ነበር። የቅጠሉ ጅማት ሳይቀር ይታያል። «እውነተኛ ቅጠል ነው፤ በብር ለብጠውት ነው» አለችኝ። አገላብጬ አየሁትና «እኛም አሠርተናል» አልኳት። ሳቀች። እኔ ብዙ የማወራ ሰው አይደለሁም፤ ያን ዕለት ግን ዝም ማለት አቃተኝ።

ዘጠነኛ ክፍል ነበርኩ። የታላቅ እህቴ የዘሀራ ኒካህ አምስት ቀን ቀርቶታል። በኛ ቤት ሙሽራ የእናቷን ብር ጆሮዋ ላይ አድርጋ ነው የምትወጣው። እናቴ ያላት አንድ የብር አምባር ብቻ ነበር። ቀልጦ ጉትቻ እንዲሆን ለአንጥረኛው ለጋሼ ይማም እንዳደርስ ሰጠችኝ። «እንደ ሰዉ ግማሽ ጨረቃ ይሥሩት» አለችኝ።

ሮቢ ወንዝን ስሻገር ማሽላው ታጭዷል፤ መሬቱ እግር ያቃጥላል፤ አየሩ ገለባ ገለባ ይሸታል። ከግራሩ ሥር ደረቅ ፍሬ ተበትኗል። ያ ፍሬ ተጠምዝዞ ነው የሚደርቀው። ልጆች ሳለን እኔና ዘሀራ ጆሯችን ላይ አንጠልጥለን ሙሽራ ሙሽራ እንጫወትበት ነበር። ቆም አልኩ። ከዚያ ሁለት መርጬ ሮጥኩ።

«ፍየል የሚበላውን ለሙሽራ?» አሉ ጋሼ ይማም።

«ፍየል ጥሩ ነገር መምረጥ ታውቃለች።»

ሳቁና «እናትሽስ ታውቃለች?» አሉኝ።

«ታውቃለች» አልኩ። ዋሸሁ።

ጋሼ ይማም ጌጡን መጀመሪያ በሰም ይቀርጹና በጭቃ ይሸፍኑታል። ጭቃው ሲተኮስ ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፤ በቦታው ብር ያፈሳሉ። «ይህንን ግን በሰም አላስመስለውም። ፍሬውን ራሱን ጭቃ ውስጥ እከተዋለሁ፤ ይቃጠላል። ጭቃው ከፈነዳ ብሩን ከአመድ ስለቅም ኒካሁ ያልፋል፤ እህትሽ ባዶ ጆሮዋን ትሄዳለች» አሉኝ።

ጭቃው እስኪደርቅ ሦስት ቀን ጠበቅን። አስተማሪዎቹ ምን እንዳሉ አላውቅም። በአራተኛው ቀን ጭቃው ተተኩሶ ብሩ ፈሰሰበት፤ አልፈነዳም። ጋሼ ይማም በመዶሻ ቀስ እያሉ ሰበሩት። የመጀመሪያው ወጣ፤ የእያንዳንዱ ዘር እብጠት ሳይቀር ይቆጠራል። ሁለተኛው ሲወጣ ግን መሀሉ ላይ መርፌ የምታሾልክ ቀዳዳ አለች።

«ነቀዝ የበላውን ነው ያመጣሽልኝ» አሉ።

አላየሁትም ነበር። ኒካሁ ደግሞ ነገ ነው።

እናቴ መዳፏ ላይ አድርጋ አገላብጣ አየቻቸው። «ነቀዝ አስይዤ ልላካት?» አለች። ዘሀራ ከእጇ ወሰደችና ጆሮዋ ላይ አደረገቻቸው። «እማዬ፣ ጨረቃማ የሁሉም ሙሽራ ጆሮ ላይ አለ» አለች። በማግስቱ ግን የዘሀራ አማቶች ቤት ሴቶች እየተጠጋጉ ጉትቻውን ሲያዩና «ይህቺ ቀዳዳ ምንድን ናት?» ሲሉ፣ እናቴ ፊቷን ሳትለውጥ «እኛ ዘንድ እንዲህ ነው የሚሠራው» አለቻቸው።

በዓመቱ ሦስት ልጃገረዶች የግራር ፍሬ ይዘው ጋሼ ይማም ዘንድ ሄዱ። አንዷ ነቀዝ የበላው ፍለጋ ግማሽ ቀን ዞረች አሉ።

ለሐያት የነገርኳት ይህን ያህል ነው። ከዚያ በኋላ አግብቻለሁ፣ ወልጃለሁ፣ ብዙ ደስታም አይቻለሁ። ያ ጭቃ እስኪሰበር የጠበቅሁትን ያህል ግን ጠብቄ አላውቅም። ይህንን አልነገርኳትም።