እትዬ ብርቄ ተክተውኝ የገቡበት ሐሙስ

ያኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። ይህን ለንስሐ አባቴም አልተናገርኩም፤ መጀመሪያ የምትሰሙኝ እናንተ ናችሁ።

ሰሞኑን እዚህ ሮም፣ ፒያሳ ቪቶሪዮ አጠገብ የቤት ሠራተኞች ስብሰባ ላይ ሳስተረጉም ነበር። ጠበቃዋ፣ ሥራ ላይ ለተጎዳ ካሳ የሚሰጠው ሕግ «ሠራተኛ» የሚለውን ትርጉም ያስተካክል፣ ለአንድ ቀን ሰው ተክታ የገባችም በግልጽ ትጻፍ አለች። «ተክታ የገባች» ስል፣ እትዬ ብርቄ ድቅን አሉብኝ።

የእናቴ ታላቅ እህት ናቸው። እዚሁ ሮም አንዲት አሮጊት ያስታምሙ ነበር፤ ሐሙስ ከሰዓት እረፍታቸው ነው። እኔ ደግሞ ለሠርግ ፀጉሬን መሠራት አማረኝ። የምሠራበት ቤት እመቤት፣ ሲኞራዬ፣ ሰው ተክተሽ ሂጂ አለችኝ። እኛ መቼም አንዳችን ለአንዳችን መግባት ልማዳችን ነው።

«ሂጂ፣ እኔ እገባልሻለሁ» አሉኝ እትዬ፤ «ብቻ እንደ በግ ተሸልተሽ እንዳትመጪ።»

መጋረጃ ሲሰቅሉ ከመሰላል ወደቁ፤ ክንዳቸው ተሰበረ። ሲኞራ ደወለች። «በእኔ ቤት ነው ካልሽ ኮንትራትሽንም የመኖሪያ ፔርሜሶሽንም እርሺው።»

ፀጉሬ ግማሹ ተሠርቶ፣ ግማሹ ተበትኖ ሆስፒታል ደረስኩ። ሐኪሙ በጥድፊያ «ሥራ ላይ ነው የወደቁት?» አለኝ። የእትዬ ጣሊያንኛ የወጥ ቤትና የገበያ ነበር፤ እኔን እኔን ያያሉ።

«አይደለም፤ ቶር ፒኛታራ ሰፈር፣ የቤታችን ደረጃ ላይ ነው» አልኩት።

«ምን አለሽ?» አሉኝ እትዬ።

«የቱ ጋ ያምዎታል ነው የሚለው።»

«እስከ ትከሻዬ ነው በይው እንጂ ታዲያ።»

እኔ ነኝ ያልኩት። ሲኞራ አስፈራራችኝ፣ አፉ ግን የእኔ ነው። ሕጉ ያኔ ይቀበላቸው ነበር? አላውቅም። እንዳይጠየቅ ያደረግሁት እኔ ነኝ። ዛሬ ትርጉሙ ቢስተካከል የእኔን ቃል ማን ያስተካክለዋል?

አሁን ደሴ ናቸው። ትራም ውስጥ እጄን ጭምቅ አድርገው ሰው ማማታቸው እንዴት ይናፍቀኛል! ስደውል «ክንድዎስ?» እላለሁ። «ያው ነው» ይላሉ። ልናዘዝ አፌን እከፍትና ስለ ዝናቡ እጠይቃለሁ። ይቅር በሉኝ ለማለት እንኳ መጀመሪያ እሳቸው ያደረግሁትን መስማት አለባቸው።

ያኔ ክንዳቸው አልታጠፍ ሲላቸው አሮጊቷ ቤት ይዘውኝ ሄዱ። «የእህቴ ልጅ ናት፣ ጎበዝ ናት፣ እኔን ትተካለች» አሏቸው። የመድኃኒቱን ሰዓት አሳዩኝ፣ ቁልፉን ሰጡኝ። በሳምንቱ አገራቸው ገቡ።