ሳልጫነው የወጣው ቱቦ

ከሆሳዕና የወጣሁ ዕለት፣ በማለዳው መነኸሪያ ላይ፣ እናቴ በእንሰት ቅጠል የጠቀለለችውን ዋሳ፣ የቆጮ ቂጣችንን፣ ሻንጣዬ ውስጥ ስታስገባ እኔ ሳወጣ የአውቶቡሱ ሾፌር ሳቀብን። የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች አውቶቡሱ በር ላይ ቆመው ጸለዩልኝ። ጸሎቱ ስለረዘመ ተሳፋሪው አሜን እያለ ሰዓቱን ያያል። በመጨረሻ እናቴ ጉንጬን ይዛ፣ "የምታጠኚውን ነገር አንድ ቀን ለእኔም በሚገባኝ መንገድ ትነግሪኛለሽ" አለችኝ። እሺ አልኳት።

ጀርመን ስደርስ ኅዳር ነበር። ብርዱስ ይለመዳል፣ ሰላምታው ነው የገደለኝ! እኛ አገር፣ ፎንቆ ገበያ ላይ፣ ሰው ልጆችሽን፣ ከብቱን፣ ዝናቡን ሳይጠይቅሽ አያልፍም። እዚህ ጎረቤቴ "ሃሎ" ብሎ በሩን ይዘጋል። ዳቧቸው ደግሞ ጥርስ ይፈትናል።

ሥራዬ ባክቴሪያ ነው። አንዳንዶቹ ሲርባቸው፣ ሜምብሬን ከሚባለው ስስ ሽፋናቸው ቀጭን ቱቦ ይዘረጋሉ። እንዴት እንደሚወጣና ምን እንደሚሠራ ገና ያከራክራል። አንዱ ተመራማሪ፣ ጎረቤታሞች በቱቦው ምግብ ይቀባበላሉ ይላል። ሌላው ግን እየሞተ ያለ ሕዋስ ሲፈነዳ የሚወጣ ትርፍራፊ ነው ይላል። እኔ የመጣሁት ይህንን ልለይ ነው።

በመጀመሪያው ወር በማይክሮስኮፑ ስር ስፍር ቁጥር የሌለው ቱቦ አየሁ። ጮቤ ረገጥኩ! አለቃዬ ፕሮፌሰር ኢንግሪድ አጠገቤ ተቀምጣ አሠራሬን ተመለከተች።

"ቆይ፣ የሸፈንሽባቸውን መስታወት ለምንድን ነው በአውራ ጣትሽ የምትጫኚው?"

"አየር እንዳይገባ ነዋ።"

እኛ ጋ ተፍቆ እንዲብላላ ጉድጓድ የገባ እንሰት፣ ቅጠል ለብሶ ከላይ ድንጋይ ይጫንበታል፤ አየር ካገኘው ይበላሻል። እናቴ ስትሸፍን ድንጋዩን የምጭነው እኔ ነበርኩ። ስለዚህ የሸፈንኩትን ነገር ሁሉ ሳልጫን አልለቅም።

"ምሕረት፣ አፈንድተሻቸዋል" አለች በሐዘን። "ይሄ የሬሳ ቱቦ ነው።"

የመኖሪያ ፈቃዴ የሚታደሰው ውሌ ሲታደስ ነው፤ ውሌ ደግሞ የሚታደሰው ቱቦው የሕያው ባክቴሪያ ሥራ መሆኑን ካሳየሁ ነው። ኢንግሪድ እስከ ፋሲካ ጊዜ ሰጠችኝ። የውጭ ዜጎች ቢሮ ስሄድ ሰውየው ከወረቀቱ ቀና ሳይል ጠየቀኝ።

"ሥራዎ?"

"የባክቴሪያ ቱቦ አጠናለሁ።"

"ያስተላልፋል?"

"እሱን ነው የማጣራው።"

"የቧንቧ ሠራተኛ ቢሆኑ ኖሮ ዛሬውኑ እፈርምልዎ ነበር።" ሦስት ወር ብቻ ጨመረልኝ።

ከዚያ በኋላ ባክቴሪያዎቹን ከላይ ምንም በማይነካቸው ሳህን ውስጥ አሳደግኳቸው። ምግባቸውን ቀንሼ፣ እጄን ከጭኔ ስር አድርጌ ማየት ሆነ ሥራዬ። ሳምንታት አለፉ፣ ምንም የለም። መጸዳጃ ቤት ገብቼ ያለቀስኩበትን ቀን አልደብቃችሁም።

አንድ ከሰዓት በኋላ፣ አንዷ ባክቴሪያ ከጎኗ በክር የተሰካ ጨሌ የመሰለ ነገር አወጣች። ቱቦ! ሕያው መሆኗን ለማወቅ ምግብ መለስኩላትና ጠበቅኩ። ወገቧ ቀጠነ፣ ከዚያም ለሁለት ተከፈለች፤ ቱቦዋ እንዳለ ነው። የሞተ ነገር አይራባም! በእናቴ ቋንቋ፣ በሀዲይሳ፣ ጮህኩ። ኢንግሪድ ሮጣ መጣች።

"እንደገና አሳዪኝ" አለች። ደጋግሜ አሳየኋት። ቀጥሎ ግማሾቹን አረንጓዴ እንዲያበሩ አድርጌ ከሌሎቹ ጋር ቀላቀልኳቸው፤ አንዳንዴ አረንጓዴው በቱቦው ወደ ጎረቤት ሲሻገር አየን። ሁልጊዜ አይደለም፣ ለምን እንደሆነም ገና አላወቅንም። ውሌ ግን ተፈረመ! ያ የቢሮው ሰው ማኅተሙን ሲመታ እንደ ንግሥት ነበር የቆምኩት።

ወጥቼ ደረጃው ላይ እንዳለሁ እናቴ ጋ ደወልኩ። ቃሌን ልፈጽም ብዬ ሁሉንም ነገርኳት።

"ሲርባቸው ወደ ጎረቤት ይዘረጋሉ? ይህማ እዚህ ሰፈርም አለ! ለዚህ ነው ጀርመን ድረስ የሄድሽው?" ብላ ሳቀች። ቀጥላ እልል አለች፤ የጎረቤቶቻችን እልልታ ተከተለ። ስልኩን ከጆሮዬ ሳልለይ አለቀስኩ፣ በደስታ።

"እንሰት ስንፍቅ ውለን ነው የደወልሽው" አለች። "ጉድጓዱን አሁን ዘግቼ ገባሁ።"

"ድንጋዩን ማን ጫነው፣ እማዬ?"

"ማን አለ? እኔው ነኛ።"