ለዘይት የተተወ ጎድጓዳ

ሺዙ ኡኖሳዋ ስትመሰገን በድንጋጤ ስትገረጣ ያየሁት አዲሱ ማሽን በተፈተሸበት ቀን ነው።

በጃፓን፣ ናጋኦካ ከተማ ባለው የማሽን መሥሪያችን እኔ ቀለም እቀባለሁ፤ እሷ ብረት ትፍቃለች። የማሽኑ ጠረጴዛ የሚንሸራተትበትን ሐዲድ፣ ረጅም መፋቂያዋን ቀኝ ዳሌዋ ላይ ደግፋ፣ በሰውነቷ ክብደት እየገፋች ታስተካክለዋለች። ከተስተካከለ በኋላ ደግሞ መልሳ ትናንሽ ጎድጓዶች ትጭርበታለች። ዘይቱ እዚያ ውስጥ ይተኛል። እነሱ ከሌሉ ሁለቱ ብረቶች ዘይቱን ጨምቀው ያስወጡና ይነካከሳሉ። ባሏ ከሞተ ወዲህ ጠዋት ጠዋት የሚያስነሳት ይህ ሥራ ብቻ ነው።

በዚያ ክረምት ቀኝ ዳሌዋ ታመመ። ከእኔ በቀር ለማንም አልተናገረችም።

"ካወቁ መጥረጊያ ነው የሚያስይዙኝ" አለችኝ ያን ቀን በምሳ ሰዓት፣ ሩዟን ሳትነካ። "ያኔ ምን ብዬ እነሳለሁ?"

ከሰዓት በኋላ አዲሱ ማሽን ሊፈተሽ ነበር። አለቃችን ኩሮኢዋ እንደ ልማዳችን እንዲባረክ ጨውና ሳኬ የሚባለውን የሩዝ መጠጥ ፊቱ አኖሩ፤ ሁላችንም እጃችንን አጨበጨብን። ጠረጴዛው ገና በሰንሰለት እንደተንጠለጠለ፣ ቀልደኛው ቶኪታ ሐዲዱ ላይ አጎነበሰ።

"ሺዙ-ሳን፣ ከነገ ጀምሮ ጢሜን የምላጨው እዚህ ላይ ነው! መስታወት እኮ ነው!"

"እውነትም አምሯል" አሉ አለቃ።

ሺዙ ጣቷን ሐዲዱ ላይ አሳለፈች። ፊቷ ገረጣ። መስታወት ከሆነ ዘይቱ የት ሊያድር ነው? የአሚዳ ቡድሃን ስም በሆዴ ጠራሁ።

ጠረጴዛው ወረደ። አለቃ እጃቸውን ወደ ማስነሻው ሰደዱ።

"አያስነሱት!" አለች ሺዙ።

"ምነው? ሳኬው አነሰ?" አለ ቶኪታ።

"ጎድጓዶቹ ጥልቀት የላቸውም። ዳሌዬ አልገፋ ብሎኝ... ደብቄዎት ነው፣ አለቃ።"

አለቃ ጠረጴዛውን በሰንሰለቱ መልሰው ወደ ላይ ሳቡና ሐዲዱን ለረጅም ጊዜ ዳሰሱ።

"ታዲያ አሁን ማን ይፍቀው?"

"ግራው ዳሌዬ ደህና ነው።"

"በግራ ገፍተሽ ታውቂያለሽ?"

"አላውቅም።"

"ይኼስ መቼም የዓመቱ ቀልድ ነው" አለ ቶኪታ፤ ግን መብራቱን አስጠግቶ ያዘላት።

የመጀመሪያው ጭረት ተንሸራቶ ወጣ። ሺዙ እግሯን አስተካክላ ቆመች። ሁለተኛው ብረቱን ይዞ ጫረ። ሦስተኛውም። የቀድሞዎቹ ጭረቶች ወደ አንድ ጎን ያዘነበሉ ነበሩ፤ አዲሶቹ በተቃራኒው አዘንብለው አቋረጧቸው። ዝናቡ የመስኮቱን መስታወት ሲደበድብ እኔ ብሩሼን እንደያዝኩ ቀረሁ።

በመጨረሻ ዘይት ተቀባ፤ ጠረጴዛው ወረደ። አለቃ ማስነሻውን ሳይነኩ ጠረጴዛውን በመዳፋቸው ገፉት። ያለ ድምፅ ሄደ። መለሱት፤ መጣ። ከዚያ በሞተር አስነሱት። ሺዙ ጆሮዋን ወደ ብረቱ አስጠግታ፣ ብረቶቹ ይነካከሳሉ ብላ ስትጠብቅ ቆየች። አልተነካከሱም።

"ነገ ደግሞ የሚቀጥለውን ማሽን ሐዲድ" አሉ አለቃ። "በግራሽ።"

"እሺ" አለች።

ከማሽኑ አጠገብ እንደቆመች የቀዘቀዘ ሩዟን በላች። እኔም አሚዳን እያመሰገንኩ ወደ ቀለሜ ተመለስኩ።