ወንበር ላይ የሚታጠበው ሽማግሌ

ሰዉ ለሰፈራ በተጋዘ በዓመቱ፣ መርሳ ላይ ከልብስ ሰፊው አማን ግቢ አንድ ሽማግሌ ክፍል ተከራየ። ስሙን የሚያውቅ አልነበረም። አዲስ አበባ ሐኪሞች የዳሌውን መጋጠሚያ አውጥተው በብረት እንደተኩለት ብቻ ይወራል።

ዓርብ ዓርብ፣ ጁምዓ ሳይደርስ፣ ሽርጡን እንዳገለደመ ጓሮ ይታጠባል። እንዳያንሸራትተው መሬቱ ላይ ጆንያ ያነጥፋል፤ ክራንቹን ግድግዳ ያስደግፍና ከፍ ያለ ወንበር ላይ ቀስ ብሎ ይቀመጣል። ማጎንበስ ስለተከለከለ እግሩን የሚያሸው ጫፉ ላይ ጨርቅ በታሰረ በትር ነው። ተረከዙ ግን ሁልጊዜ ሳይታጠብ ይቀራል። አማን ከስፌት መኪናው ሆኖ ያየዋል፤ እንዳያሳፍረው ግን እንዳላየ ይሆናል።

አንድ ዓርብ በትሩ አመለጠው። ሊያነሳው ዘንበል ሲል ወንበሩ ተንገዳገደ፤ አማን ሮጦ ደገፈው።

«አባቴ፣ በአላህ ይተዉት! እኔ አጥብዎታለሁ።»

«ተው ልጄ፣ አትልፋ። እግሬን የምታጥበኝ ባለቤቴ ነበረች። እኔ ሆስፒታል ተኝቼ ሳለሁ ከነልጆቼ ለሰፈራ ጭነው ወሰዷት። ስመለስ ቤቱ ወና ነው። አንዱ ኢሉባቦር ናቸው ይለኛል፤ ሌላው ወለጋ።»

አማን ተንበርክኮ ተረከዙን፣ ከዚያም የጣቶቹን መሃል ቀስ እያለ ያጥብለት ጀመር። ሽማግሌው ዓይኑን ጨፈነ፤ ከንፈሩ ተንቀጠቀጠ።

«ውሃው ቀዘቀዘብዎት እንዴ?»

«የለም ልጄ» አለ ሽማግሌው፣ «ከሐኪም በቀር የሰው እጅ ከነካኝ ቆየ።»