ማማ ላይ የቀራሁት ሱራ

ቁርኣን ቤታችን ከሮቢ ወንዝ ማዶ፣ ከአንድ ግራር ሥር ነበር። ልጅ ሁሉ ሸኻችን በጥላሸት ቀለም የጻፉለትን የእንጨት ሉሕ ጭኑ ላይ አስደግፎ እየተወዛወዘ ይጮኻል። የተጻፈለትን ሳይስት በቃሉ የቀራ ሉሑ ይታጠብና እጣቢውን ለበረከት ጠጥቶ አዲስ ይጻፍለታል። የእኔ ግን ክረምቱ ገብቶ ሲወጣም አልታጠበም። ቀለሙ በላቤ ደብዝዞ ነበር፤ ጓደኞቼም ዛሬም እሱኑ ነው ወይ እያሉ ይስቁብኛል።

ሰነፍ አልነበርኩም። ቁጭ በይ ሲሉኝ መጀመሪያ እግሬ ይደነዝዛል፣ ቀጥሎ ጭንቅላቴ። ይህን ደግሞ ለማን ይናገሩታል?

ያን ጊዜ ጣሊያን የደሴን መንገድ ያሠራ ነበር። አባቴ ለድንጋይ ፈለጣ ተይዞ ሳይነጋ ይወጣል፤ ማሽላችን እሸት ሆኖ ግሪሳ እየወረደበት ነው። አባቴ አንድ ቀን ቆረጠ። እስከ አጨዳ ማማ ላይ ወጥታ ወፍ ትጠብቅ፣ እስከዚያ ሉሑ ላይ የተጻፈችላትን ሱራ ካልቀራች በዚያው ትቅር አለ። አለቀስኩ። ቁርኣን ቤት ባይሆንልኝም እወደው ነበር።

እናቴ አዘነችልኝ። ሸኹን ሳትጠይቅ ሉሑን አጥባ እጣቢውን አጠጣችኝ። ለቀራ ልጅ በረከት ከሆነ ላልቀራው ደግሞ ትምህርቱን ያስገባለታል ብላ ነው። ጠጥቼ ስጠብቅ ዋልኩ። ከጥላሸት ጣዕም በቀር የመጣልኝ ነገር የለም።

ቆይታ ፈራችና ሄዳ ለሸኹ ነገረቻቸው። ኀሙስ ቁርኣን ቤት ስለማይኖር ሸኻችን በዚያው ቀን ማሽላው ድረስ መጡ።

«እናትሽ በሆድሽ ሞከረች፣ እኔ በጆሮሽ ሞከርኩ» አሉኝ። «በየት እንደሚገባ አላህ ያውቃል፤ እስቲ እንፈልገው።»

ከማማው ሥር ተቀምጠው ወንጭፍ ሳዞር፣ ስወረውር፣ ድንጋይ ሳነሣ ሲያዩኝ ዋሉ። በሚቀጥለው ኀሙስ ሱራዋን ቆራርሰው ሰጡኝ፤ ወንጭፉ ሲዞር አንድ ቁራጭ፣ ድንጋዩ ሲሄድ ሌላ ቁራጭ። ወፉ ፋታ ሲሰጠኝ እወርድና ፊደሉን በአገዳ አፈር ላይ እጽፋለሁ። ቀን በቀን የሚቀጥለው ቃል ራሱ ይመጣልኝ ጀመር። ደስታዬ እንቅልፍ ነሳኝ።

ከዚያ ወዲህ ሸኻችን ሌሎቹንም ልብ ብለው ማየት ጀመሩ መሰለኝ። በጩኸቱ መሐል አፍረው ዝም የሚሉ እኅትማማቾች ነበሩ፤ ለብቻ አስቀምጠው አንዷ ሌላዋን እንድታስቀራ አደረጓቸው።

አጨዳው ሲደርስ አባቴ ከሸኻችን ጋር መጣ። ከማማው ሥር ቆሞ ቅሪ አለኝ። አክብሬው ቁጭ ብዬ ጀመርኩ፤ ሁሉም ጠፋኝ። ፊቱ ጠቆረ።

«ቆይ» አሉት ሸኹ፣ ወደ እኔም ዞረው «ተነሺ፣ ወንጭፍሽን ያዢ» አሉኝ።

ተነሣሁ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንዲት ቃል ሳልስት ቀራሁት።

አባቴ መሬት ላይ ተቀመጠ።

«ሸኹ፣ እኔም ልጅ ሆኜ ቁጭ ማለት አቅቶኝ ነው የዚያን ጊዜው ሸኽ ከቁርኣን ቤት ያባረሩኝ» አለ። «ደደብ ነኝ ብዬ ነው እስካሁን የኖርኩት።»

ከዚያ ቀና ብሎ አየኝና ድገሚው፣ ግን ቀስ አድርገሽ አለኝ። ወንጭፉን ማዞር ጀመርኩ። አባቴም ከታች ተነሥቶ ባዶ እጁን እያዞረ ከአፌ ይቀበል ጀመር።